አይጥ የሚመስለው ሁሉ አይጥ አይደለም
በመኖሪያ ቤት አካባቢ ስለሚታዩ ትናንሽ ባለ ከረጢት አጥቢዎች ስያሜ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአውስትራሊያ፥ በሜልበርን ከተማና በአካባቢዋ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች የተዘጋጀ አንድ አጭር ማስታወቂያ እንድንተረጉም ተጠይቀን ነበር። ማስታወቂያው በቤት ኮርኒስና በግቢ ውስጥ ስለሚታዩ ትናንሽ የአገሩ ተወላጅ እንስሳት የሚያስረዳ ሲሆን፥ ከተዘረዘሩት መካከል «አንቴካይነስ» የሚባል ይገኝበታል። በእጃችን የነበሩት መዛግብተ ቃላት አንዳችም አቻ ስላልሰጡን፥ ሥዕሉን ተመልክተን «የዱር አይጥ» ብለን ተረጎምነው። ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት እንዲያነብልን የሰጠነው የዚያው ከተማ ነዋሪ በኅዳጉ ላይ የጻፈልን አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «አይጥ ከሆነ ታዲያ መርዝ ብናስቀምጥለት ምን ነውር አለው?»

ማስታወቂያው የተዘጋጀው ሰዎች መርዝ እንዳያስቀምጡ ለመምከር ነበር። የእኛ አንድ ቃል ግን የጽሑፉን ምክር ከሥሩ አፈረሰችው። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩን ደግመን ደጋግመን ተመልክተነዋል። በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበውም ያንን ስሕተት ምን እንዳስከተለው፥ ለእነዚህ እንስሳት ምን ዓይነት ስያሜ እንደሚስማማና ተርጓሚው በምን መመዘኛ ሊመርጥ እንደሚገባ ነው።

1. የችግሩ ምንጭ

በሥነ ሕይወት አጥቢ እንስሳት በሦስት ታላላቅ ወገኖች ይከፈላሉ። እነዚህም እንቁላል የሚጥሉት፥ ግልገላቸውን በማኅፀን ውስጥ በእንግዴ ልጅ አማካይነት ለረዥም ጊዜ የሚያሳድጉት፥ እንዲሁም ግልገላቸውን ገና ሳይጠነክር ወልደው ከጡት ጫፍ ጋር አጣብቀው የሚያሳድጉት ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ርእሰ ነገር የመጨረሻው ወገን ነው። ዝርያዎቹ ከ300 በላይ ሲሆኑ፥ የሚበዙት በአውስትራሊያና በኒው ጊኒ፥ የቀሩት በአሜሪካ አህጉሮች ይኖራሉ። ዛሬ በአፍሪካ ምድር በተፈጥሮ የሚኖር የዚህ ወገን አባል አንድም የለም። ስለዚህም አማርኛ ከጥንት የወረሰው ስም ባይኖረው የቋንቋው ድህነት ተደርጎ ሊቈጠር አይገባም፤ ተናጋሪው ያላየውን እንስሳ አልሰየመምና።

አማርኛ ባየው ነገር ረገድ ንቁ ስለ መሆኑ «ሽኮኮ» ጥሩ ምስክር ነው። ሽኮኮ ከሩቅ ሲያዩት ጅራት የሌለው ትልቅ አይጥ ይመስላል። ይሁን እንጂ የሥነ እንስሳት ሊቃውንት እንደሚያስረዱት የቅርብ ዘመዱ ዝሆን ነው እንጂ አይጥ አይደለም። የአማርኛ ተናጋሪ ይህን የዝምድና ሐረግ ሳያውቅ፥ እንስሳውን ከአይጥ ለይቶ የራሱን ስም ሰጥቶታል። በአንጻሩ «አይጠ መጎጥ» በስሙ ውስጥ አይጥን ይዟል፤ በእርግጥም የአይጥ ወገን ነው።

2. ስሕተቱ የእኛ ብቻ አይደለም

እንግዳ እንስሳን በሚያውቁት እንስሳ ስም መጥራት በየቋንቋው የደረሰ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1696 ቪለም ደ ቭላሚንክ የተባለ የኔዘርላንድ የባሕር አዛዥ በምዕራብ አውስትራሊያ ጠረፍ ወደምትገኝ ደሴት በደረሰ ጊዜ፥ ኮካ የሚባሉትን ድመት የሚያህሉ ባለ ከረጢት እንስሳት ተመልክቶ ትላልቅ አይጦች መስለውት ነበር። ደሴቲቱንም በቋንቋው «የአይጥ ጎጆ» ሲል ሰየማት። ስሟ እስከ ዛሬ ሮትነስት ነው።

የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ሰፋሪዎችም እንዲሁ አደረጉ። አንቴካይነስን «ባለ ከረጢት አይጥ»፥ ዛሬ ክዎል የሚባለውን ሥጋ በል እንስሳ ደግሞ «የአገሬው ድመት» ይሉት ነበር። «ባንዲኩት» የሚለው ስም ታሪክ ከሁሉም ይልቅ ያስተምራል። ቃሉ ከሕንድ አገር ከቴሉጉ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው «ዐሣማ አይጥ» ማለት ነው። በትውልድ አገሩ የእውነተኛ ትልቅ አይጥ ስም ነው፤ ወደ አውስትራሊያ ተሻግሮ ግን ረዥም አፍንጫ ላለው ባለ ከረጢት እንስሳ ተሰጠ። ስለዚህ አንድ ተርጓሚ ስለ ሕንድ እርሻ በተጻፈ ጽሑፍ ውስጥ ባንዲኩትን ቢያገኝ «አይጥ» ማለቱ ትክክል ነው፤ ስለ ፐርዝ ወይም ስለ ሲድኒ ግቢ በተጻፈ ጽሑፍ ውስጥ ቢያገኘው ግን ስሕተት ይሆናል።

ሳይንሳዊ ስሞችም ከዚህ ልማድ አላመለጡም። «አንቴካይነስ» የሚለው የግሪክኛ ቅንብር እንስሳውን እሾኽ ለባሽ ከሆነ ትንሽ የአውሮፓ አውሬ ጋር ያመሳስለዋል። የደናርት ሳይንሳዊ ስም ደግሞ «አይጥ መሰል» የሚል ነው። ይሁን እንጂ ስሞቹ በላቲንና በግሪክኛ ስለ ተሸፈኑ ተራው አንባቢ ትርጓሜያቸውን አያይም። «አይጥ» የሚለው የአማርኛ ቃል ግን መሸፈኛ የለውም፤ አንባቢው ወዲያውኑ ይረዳዋል፥ እንደ ተረዳውም ይሠራል።

3. አንቴካይነስን ከአይጥ የሚለየው

ለመዝገበ ቃላት ፍች የሚጽፍ ሰው እንስሳውን ቢያንስ በመልክ ማወቅ ይኖርበታል። በደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያ፥ ለምሳሌ ከሜልበርን በስተ ምሥራቅ በሚገኙት የዳንዴኖንግ ተራሮች አካባቢ፥ አንቴካይነስ በክረምት ከቤት ውስጥ ገብቶ ይታያል። መጠኑ ከትንሽ አይጥ ብዙ አይለይም፤ ጠጕሩም ግራጫ ወይም ቡናማ ነው። ይሁን እንጂ በቅርብ ለተመለከተው አፍንጫው ሹል፥ ራሱ ጠበብ ያለ፥ ጆሮው ስስና በጠርዙ የተጨማደደ ነው። ዋናው መለያ ግን ጥርሱ ነው። አይጥ ከላይ ሁለት፥ ከታች ሁለት መሮ የሚመስሉ የፊት ጥርሶች አሏት፤ በእነርሱም እንጨትና የኤሌክትሪክ ሽቦ ትቈረጥማለች። አንቴካይነስ ግን ብዙ ትናንሽና ሹል ጥርሶች አሉት፤ ምግቡ ሸረሪት፥ በረሮና የመሳሰሉት ስለሆኑ ሽቦ አይቈረጥምም፥ ጎተራም አያራቍትም።

የሕይወቱ ዑደት ደግሞ በአጥቢዎች ዘንድ እምብዛም ያልተለመደ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ፥ በአገሩ ክረምት ወይም በጸደይ መግቢያ፥ ለጥቂት ሳምንታት ይራከባል። ከዚያም በአንድ አካባቢ የሚኖሩት ወንዶች በሙሉ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ። ምክንያቱም በርክቢያ ወራት በሰውነታቸው የሚመነጨው የጭንቀት ንጥረ ነገር እጅግ ስለሚበዛ በሽታ የመከላከል ኃይላቸው ይደክማል። ከዚያ በኋላ በኮርኒስ ውስጥ የሚሰማው ኮቴ የእርጉዝ ወይም የምታጠባ እናት ብቻ ነው። የሚመጣው ትውልድ በሙሉ በእርሷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ «ተንጠልጥሏል» ስንልም በዘይቤ አይደለም፥ ግልገሎቹ ከጡቷ ጫፍ ጋር ተጣብቀው ከሆዷ ሥር ይንጠለጠላሉና። በዚያ ወቅት የተቀመጠ መርዝ አንዲት እናት ቢገድል የሚሞቱት ስድስት፥ ስምንት ወይም ከዚያ በላይ ነፍሳት ናቸው። ከዚህም በላይ ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉት የአይጥ መርዞች በሞተው እንስሳ ሥጋ ውስጥ ስለሚቈዩ፥ ያንን የበላ ጉጉትም ይመረዛል።

በትርጉማችን ላይ ሌላም ስሕተት ነበረበት። በአውስትራሊያ «የዱር አይጥ» ሊባል የሚገባው፥ የአገሩ ተወላጅ የሆነና በእርግጥ አይጥ የሆነ ሌላ እንስሳ አለ። ስለዚህ «ተወላጅ» እና «ባለ ከረጢት» አንድ አይደሉም። ከአውሮፓ መርከቦች ጋር የገባችው የቤት አይጥ አለች፤ ከጥንት ጀምሮ በአገሩ የነበረ የዱር አይጥ አለ፤ ጨርሶ አይጥ ያልሆነ አንቴካይነስም አለ። እኛ ሦስቱን በአንድ ቃል ጠቅልለን ነበር።

4. ለወገኑ የወል ስም

የወገኑ ዓለም አቀፍ ስም «ከረጢት» ወይም «ቦርሳ» ከሚል የግሪክኛና የላቲን ቃል የተገኘ ነው። ይህን በአማርኛ ለመግለጽ ሦስት ቃላት መርምረናል።

ሀ) «ኪስ»። አጭርና የታወቀ ነው። ሆኖም የአማርኛ ተናጋሪ ኪስን የሚያውቀው በልብስ ላይ የተሰፋ መሆኑን ነው። «ባለ ኪስ» ሲባል በመጀመሪያ የሚታየው ካፖርት ወይም ሱሪ ነው።

ለ) «አንቀልባ»። ልብን የሚነካ ቃል ነው፤ እናትና ልጅን በአንድነት ያሳያል። ነገር ግን አንቀልባ ከአካል ውጭ የሆነ፥ የሚታሰርና የሚፈታ፥ በጀርባም የሚውል ቍርበት ነው። የእንስሳው ግን በሆድ በኩል ያለ የራሱ ቈዳ ነው። ለሕፃናት በሚጻፍ ማብራሪያ ውስጥ «እንደ አንቀልባ» ማለት መልካም ነው፤ ለሙያዊ ቃልነት ግን አይበቃም።

ሐ) «ከረጢት»። «የሐሞት ከረጢት» በሚለው ስያሜ አስቀድሞ ወደ አካል ክፍሎች ስም ገብቷል። አፍ ያለውና አንድ ነገር የሚይዝ መሆኑንም ያመለክታል። ስለዚህ «ባለ ከረጢት አጥቢ»፥ ሲበዛም «ባለ ከረጢት አጥቢዎች» የሚለውን መርጠናል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አንቴካይነስን ያየ ሰው ከረጢት ቢፈልግ አያገኝም። ወንዱ ከነጭራሹ የለውም፤ ሴቷም በርክቢያ ወራት ከሚፈጠር የቈዳ እጥፋት በቀር እንደ ካንጋሮ ያለ ጥልቅ ከረጢት የላትም። የባንዲኩት ከረጢት ደግሞ አፉ ወደ ኋላ ስለሆነ ለተመልካች አይታይም። ታዲያ ስሙ አያሳስትምን?

መልሳችን «የሌሊት ወፍ» ነው። የሌሊት ወፍ ወፍ አይደለችም፤ ልጇን ታጠባለች፥ ላባም የላትም። ሆኖም ማንም አንባቢ በስሟ ምክንያት እንቁላል ሊፈልግ ጎጆዋን አይበረብርም። ስያሜና ፍች የተለያዩ ናቸው። ስያሜው አንዱን ጐልቶ የሚታይ ጠባይ ቢይዝ በቂ ነው፤ ሙሉውን እውነት መያዝ ያለበት ፍቹ ነው። ስለዚህ የ«ባለ ከረጢት አጥቢ» ፍች በከረጢቱ ላይ ሳይሆን በአወላለዱ ላይ መመሥረት አለበት፤ «ግልገሉን ገና ሳይጠነክር የሚወልድ፥ ከጡት ጫፍ ጋር አጣብቆ ብዙ ጊዜ በከረጢት ወይም በቈዳ እጥፋት ውስጥ የሚያሳድግ አጥቢ»።

«የሌሊት ወፍ» የሚለውን ተቀብለን «የዱር አይጥ» የሚለውን የምንጥልበት ምክንያትም ይኸው ነው። የመጀመሪያው ስሕተት በአንባቢው አድራጎት ላይ ለውጥ አያመጣም፤ ሁለተኛው ግን አንባቢውን መርዝ ወደሚሸጥበት ሱቅ ይልከዋል።

5. ለየእንስሳቱ የቀረቡ ስያሜዎች

ለየዝርያው ከአማርኛ አዲስ ቅንብር ከመፍጠር የአገሩን ስም በግዕዝ ፊደል መዋስ ይሻላል ብለን እናምናለን። «ካንጋሮ» ለዚህ ምሳሌ ነው። ቃሉ እ.ኤ.አ. በ1770 ከሰሜን ምሥራቅ አውስትራሊያ ከጉጉ ይሚድር ሕዝብ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን፥ ዛሬ በአማርኛ ማንንም አያደናግርም። የሚከተሉት አጫጭር ፍቾች ለመዝገበ ቃላት መነሻ እንዲሆኑ ቀርበዋል።

አንቴካይነስ፦ ነፍሳት በል የሆነ ትንሽ ባለ ከረጢት አጥቢ፤ ሹል አፍንጫና ብዙ ሹል ጥርሶች ያሉት፤ ወንዶቹ ከአንድ የርክቢያ ወቅት በኋላ የሚሞቱ። አይጥ አይደለም።

ደናርት፦ ከአንቴካይነስ የሚያንስ፥ ዓይኖቹ ትላልቅና ጥቋቍር የሆኑ ነፍሳት በል ባለ ከረጢት አጥቢ፤ ከዝርያዎቹ አንዱ በጅራቱ ስብ ያጠራቅማል። ስሙ ከምዕራብ አውስትራሊያ የኑንጋር ቋንቋ የመጣ ነው።

ባንዲኩት (የአውስትራሊያ)፦ ረዥም አፍንጫ ያለው፥ በሌሊት ነፍሳትና ሥራሥር ፍለጋ በግቢ ሣር ላይ እንደ ማጥለያ አፍ የሾጠጡ ትናንሽ ጕድጓዶች የሚቈፍር ባለ ከረጢት አጥቢ። በፐርዝ አካባቢ የሚኖረው ዝርያ «ክዌንዳ» ይባላል።

ፖሰም፦ በዛፍ ላይና አንዳንዴም በቤት ጣራ ሥር የሚያድር፥ ቅጠልና ፍሬ የሚበላ የአውስትራሊያ ባለ ከረጢት አጥቢ። በከተማ ዘወትር የሚታዩት ሁለት ናቸው፤ እነርሱም ጅራቱ በጠጕር የተሸፈነውና ድመት የሚያህለው «ጅራተ ጐፈር ፖሰም»፥ እንዲሁም ከእርሱ የሚያንሰውና ጫፉ ነጭ በሆነ ጅራቱ ቅርንጫፍ የሚጠመጥመው «ጅራተ ጥምዝ ፖሰም» ናቸው።

ተንሳፋፊ ፖሰም፦ ከፊት እግሩ እስከ ኋላ እግሩ በተዘረጋ ስስ ቈዳ ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚንሳፈፍ ትንሽ ባለ ከረጢት አጥቢ። «በራሪ» አላልነውም፤ ክንፍ ስለሌለውና ከሌሊት ወፍ ጋር ስለሚያምታታ። ከእነዚህ አንዱ ሆኖ ይቈጠር የነበረው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2020 በተመራማሪዎች በሦስት የተከፈለ ስለሆነ፥ የወል ስሙ ጠቅላላ ሆኖ መቅረቱ ይጠቅማል።

ክዎል፦ ቡናማ ወይም ጥቍር ጠጕሩ በነጭ ነጠብጣብ የተዥጐረጐረ ሥጋ በል ባለ ከረጢት አጥቢ፤ አንዳንድ ጊዜ ወደ ዶሮ ቤት የሚገባ። «የአገሬው ድመት» የሚለው አሮጌ ስም በትርጉም ሥራ ሊወሰድ አይገባም።

የዱር አይጥ (የአውስትራሊያ)፦ የአገሩ ተወላጅ የሆነ እውነተኛ አይጥ። ባለ ከረጢት አይደለም።

6. አንድ ስም፥ ሦስት አገሮች

«ፖሰም» ለብቻው ማስታወሻ ያስፈልገዋል። የቃሉ ምንጭ በአሜሪካ የቨርጂንያ ምድር ይነገር የነበረው የፖውሃታን ቋንቋ ነው። ቃሉ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በእንግሊዛውያን ተመዝግቦ «ኦፖሰም» ሆነ። ወደ አውስትራሊያ የሄዱት እንግሊዛውያን ደግሞ መሰለን ላሉት ለሌላ እንስሳ ሰጡት። ሁለቱም ባለ ከረጢቶች ይሁኑ እንጂ በወገን የተራራቁ ናቸው።

በዋሽንግተንና በቨርጂንያ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች በምሽት ከቆሻሻ ማጠራቀሚያ አጠገብ የሚያዩት፥ ፊቱ ነጣ ያለ፥ ጅራቱ ራቍት የሆነ፥ ብዙዎችም «ግዙፍ አይጥ» የሚሉት ኦፖሰም ነው። ሃምሳ ጥርሶች አሉት፤ ሲደነግጥም ተዘርግቶ የሞተ ይመስላል። በሜልበርን ጣራ ላይ የሚሮጠው ግን ፖሰም ነው። የአሜሪካ ተናጋሪ በዕለት ንግግሩ ሁለቱንም «ፖሰም» ሊል ስለሚችል፥ ተርጓሚው ቃሉን ብቻ ሳይሆን ጽሑፉ የተጻፈበትን አገር መመልከት አለበት። በአማርኛ የአሜሪካውን «ኦፖሰም»፥ የአውስትራሊያውን «ፖሰም» ብለን እንድንለይ ሐሳብ እናቀርባለን።

ሦስተኛዋ አገር ኒው ዚላንድ ናት። ጅራተ ጐፈር ፖሰም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለጠጕሩ ሲባል ከአውስትራሊያ ወደዚያ ተወሰደ፤ ዛሬ ደኑንና አእዋፉን የሚያጠፋ ተባይ ሆኖ ይገደላል። በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ይኸው እንስሳ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ከጣራ ሥር ቢያዝ እንኳ ወደ ሌላ ስፍራ ወስዶ መልቀቅ አይፈቀድም። እንስሳው አንድ፥ ስሙም አንድ ሆኖ ትእዛዙ ግን ተቃራኒ ነው። ስለዚህ በመዝገበ ቃላት ፍች ውስጥ «ተባይ» ወይም «ጥብቅ» የሚል ቃል ማግባት አይገባም፤ ይህ የየአገሩ ሕግ ጉዳይ ነውና በጽሑፉ አካል ውስጥ ይነገር።

7. ማጠቃለያ

ከላይ የተመለከተውን በሦስት ነጥቦች ማሰባሰብ ይቻላል። አንደኛ፥ ለወገኑ «ባለ ከረጢት አጥቢ»፥ ለየዝርያው ደግሞ የተዋሰ ስም ይሰጥ። ሁለተኛ፥ የተዋሰው ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጻፍ አንድ አጭር ገላጭ ሐረግ ይከተለው፤ በቀጥታ ለሕዝብ በሚሰጥ ማስታወቂያ ላይ ሐረጉ መታወቂያውን ይናገር፤ ለምሳሌ «አንቴካይነስ፥ አይጥ የሚመስል ነገር ግን አይጥ ያልሆነ፥ አፍንጫው ሹል የሆነ ትንሽ እንስሳ»። ሦስተኛ፥ ተርጓሚው ማንኛውንም አቻ ቃል ከመወሰኑ በፊት «አንባቢው ይህን ቃል አንብቦ ምን ያደርጋል?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ።

ያ የሜልበርን ነዋሪ በኅዳጉ ላይ ያሰፈረው ጥያቄ ይህንኑ ነበር። ማስታወቂያውን አርመን በላክንለት ጊዜ «የዱር አይጥ» የሚለው ተሰርዞ «አንቴካይነስ» በሚለው ተተክቶ ነበር፤ ከላይ ያለው ገላጭ ሐረግም ተጨምሮበታል። እርሱም መልሶ የጻፈው አጭር ነው፤ «አሁን ገባኝ፤ በሩን ከፍቼ አስወጣዋለሁ።»